ምን ሽታ ነበር?

የሐጂ ሙዘይን ሱቅ፣ አዲስ ዓለም በታች፣
በሯ ጠባብ ናት፤ አንገት ታስደፋለች።
ብልቃጥ በብልቃጥ ላይ፣ ክዳን በክዳን ላይ፣
አቧራ ለብሶ ያድራል ሰው ያልገዛው ሲሳይ።
ባዶ ብልቃጥ ይዤ፣ መሐረብ ፈትቼ፣
ገባሁ ጎንበስ ብዬ ጃንጥላ ዘግቼ።

«ምን ሽተሽ ነው ልጄ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ፣
መፋቂያ ነክሰው ሂሳብ እያሰሉ።
«ይህን ይሙሉልኝ፤ የእናቴ ነበረ፣
ዐርባዋ ሲወጣ ከሣጥን የቀረ።»

ማንም አያውቅ ነበር ሽቶ እንዳላት አንጓች፣
የሆስፒታል አንሶላ ሃያ ዓመት ያጠበች፤
እጇ በረኪና፣ ቀሚሷ በረኪና፣
ጠረኗ የደረቀ የኦሞ ደመና።

ሐጂ ብልቃጡን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።
ዝም አሉ።
መነጽራቸውን አወለቁ
(ለማሽተት መነጽር ለምን እንደሚወልቅ እንጃ)፣
ደግሞ ዝም አሉ።

«ሽቶ ለቅሶ ቤት ነው፤» አሉኝ ቀስ ብለው፣
«የሚገባው ብዙ፣ የሚያድረው አንድ ሰው።
ፊተኛው ሎሚ ነው፤ ጮሆ ይገባና፣
ደረቱን ይመታል፣ ይወጣል እንደገና፣
ንፍሮ ሳይዘግን፣ ወንበር ሳያሞቅ።
ማህለኛው ጽጌረዳ ደግ ጎረቤት ነው፣
እስከ ሠልስት ድረስ አይዞሽ እያለ የሚሰነብተው።
የመጨረሻውን ግን ማንም አያየውም፤
ድንኳን ከፈረሰ፣ ሰው ከሄደ ወዲያም
ጓዳ ገብቶ ሳህን ያጥባል፣ አይናገርም።
ስሙን ብነግርሽ ፊትሽ ይጨማደዳል፦
ዝባድ።
ከጥርኝ ተፍቆ፣ በቀንድ ተሞልቶ፣
አያቴን ያበላው ምጥዋ ድረስ ሸትቶ።
ብቻውን ይገማል፤
ከሌሎች በታች ግን ሁሉን ይሸከማል።»

ከአራት ብልቃጥ ቀድተው፣ ጠብታ በጠብታ፣
አንጓዬን ቀቡና «ተመለሺ ማታ።
ሳይመሽ አይገዛም ሽቶ፤ ሂጂ፣ ዙሪበት፣
ፀሐይም ይምታው፣ ዝናብም ይረፍበት።»

ቀሃን ሳልሻገር ሎሚው ጥሎኝ ጠፋ፣
ድልድዩ ላይ ባጃጅ ጭሱን ፊቴ ሲደፋ።
ፒያሳ ስደርስ ጽጌረዳው መጣ፣
ኬክ ቤት ተጠልዬ ማኪያቶ ስጠጣ፤
አጠገቤ ያለች ልጅ ዞር ብላ አየችኝ፣
«ምን ሽቶ ነው?» አለች።
«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ጨነቀኝ።

አመሻሽ ላይ፣ ከግንቡ አጥር ሥር ቆሜ፣
ድንጋዩ የጠጣውን ዝናብ መልሶ ሲያነባ፣
አንጓዬን ወደ ፊቴ አነሳሁ።
ሎሚ የለም።
ጽጌረዳም ተሰናብቷል።
አንድ የማውቀው ነገር ብቻ፦
እንደ ሞቀ ቆዳ፣ እንደ አውሬ ትንፋሽ ያለ፣
በልጅነቴ ሻሿ ውስጥ ስወሸቅ የማገኘው፣
ላቧ ነው ብዬ የተውኩት፣
አንድ ቀንም ለጓደኛዬ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ፣
«እናቴ ትሸታለች» ብዬ በሹክሹክታ የነገርኩት።

ዝባድ ኖሯል።
በረኪና ያልገደለው፣ ሃያ ዓመት ያደረ፣
ከአንሶላው፣ ከሳሙናው በታች የነበረ።
ታዲያ ሎሚውን ማን አገኘው?
ጽጌረዳው በየት በኩል፣ በማን ደጅ አለፈ?
እኔ የደረሰኝ ማታ ማታው ነው፣
ደክሟት በሩን ስትከፍት የተረፈው።

ስመለስ የሐጂ ሱቅ ተዘግቷል፤
ጓጉንቸሩ ላይ ዝናብ ተንጠልጥሏል።
ሰው ሁሉ ይጠይቃል «ምን ሽቶ ነው?» እያለ፣
የኔ ጥያቄ ግን ከሥሩ ነው ያለ፦
ደመወዟ ወር የማይደርስላት ሴት፣
ይችን ብልቃጥ ስትገዛ፣
ከመሐረብ ስትቋጥራት፣ ከሣጥን ስትደብቃት፣
ምን ሽታ ነበር?

እንጃ።
ነገ ጠዋት እመጣለሁ።
እስከዚያ እጄን አልታጠብም።